የግቢ ንጣፍና የሚረግጠው እግር

ሰው ቤት ሲሠራ አስቀድሞ የሚጨነቀው ስለ መሠረቱ፥ ስለ ግድግዳውና ስለ ጣራው ነው። ከውጭ በር እስከ ቤቱ ደረጃ ያለው ስፍራ ግን ብዙ ጊዜ የሚታሰበው ገንዘቡ ካለቀና ግንበኛው መሣሪያውን መሰብሰብ ከጀመረ በኋላ ነው። ስለዚህም በቂ ምክር ሳይደረግበት በችኮላ ይወሰናል። ነገር ግን ሕፃን ድክ ድክ ማለትን የሚማርበት፥ ሽማግሌ ፀሐይ የሚሞቅበት፥ እንግዳ የሚቀበሉበት፥ ለቀስተኛም የሚቀመጥበት ይኸው ግቢ ነው። እንግዲህ የግቢ ንጣፍ ምርጫ ትንሽ ነገር መስሎ ቢታይም፥ አብረውን ለሚኖሩት ሰዎች ያለንን አሳብ የሚገልጥ ስለ ሆነ፥ ጥቂት ልንነጋገርበት የሚገባ መስሎ ታይቶናል።

አባቶቻችን ግቢን በአርማታ የመሸፈን ልማድ አልነበራቸውም። የቤቱ ወለል በጭቃና በእበት ይለቀለቃል፤ በበዓል ቀን ቄጤማ ይጐዘጐዝበታል፤ ግቢው ግን ሣሩን እንደ ለበሰ ይኖራል። በጣልያን ወረራ ዘመን የሲሚንቶ ፋብሪካ በድሬዳዋ ከተሠራ ወዲህ፥ ሲሚንቶ ከትልልቅ ሕንፃዎች አልፎ ቀስ በቀስ ወደ መኖሪያ ቤት ገባ። ያን ጊዜም ጭቃን ያሸነፈ ሰው ድህነትን ያሸነፈ ያህል ተቈጠረ። ቈይቶ ደግሞ ሲሚንቶ መሆኑ ብቻ አልበቃ ብሎ፥ እንደ መስተዋት ካላንጸባረቀ ሥራው አላለቀም የሚል አሳብ ሠለጠነ። ሊሾ የተባለው አሠራር በየቤቱ የተወደደው በዚህ ምክንያት ይመስለናል።

እኛም በአዲስ አበባ ከአባታችን በወረስነው ግቢ ይህ ጥያቄ ደረሰብን። ስፍራው ርዝመቱ 10፥ ወርዱ 6 ሜትር፥ በጠቅላላው 60 ካሬ ሜትር ነው። በክረምት ጭቃው ጫማ ይዞ ያስቀር ነበርና፥ እኅትና ወንድም ገንዘብ አዋጥተን ልናስነጥፈው ተስማማን። በመነጠፉ ሁላችን አንድ ስንሆን፥ በአነጣጠፉ ግን ተለያየን። ግንበኛው «ጌታዬ፥ ሊሾ አድርጌ ልጨርስልዎት፤ ፊትዎን ያዩበታል» አለ። ታናሽ ወንድማችን ቀለም የተቀላቀለበትና የድንጋይ ቅርጽ የታተመበት አርማታ አንድ ቦታ አይቶ ኖሮ እርሱን ወደደ። እናታችን ዕድሜአቸው ከሰባ ያለፈ ነው፤ ስለ መልኩ ምንም ሳይናገሩ፥ «ልጆቼ፥ በማለዳ ለኪዳን ስወጣ የማያንሸራትተኝ ይሁን፤ በርበሬዬን የማሰጣበት ስፍራም አታሳጡኝ» ብለው ዝም አሉ።

ይህ ቃል የክርክሩን መንገድ ለወጠው። በሰፈራችን አንዲት ባልቴት በገዛ ደጃቸው በሊሾ ላይ ተንሸራተው የዳሌ አጥንታቸው ከተሰበረ ወዲህ፥ ቤተ ክርስቲያን መሳለም ቀርቶባቸዋል፤ ለቅሶ ለመድረስም የሰው ክንድ ይሻሉ። ንጣፉ በተሠራ ጊዜ ጐረቤቱ ሁሉ አድንቆት ነበር። ሊሾ ማለት የሲሚንቶና የአሸዋው ድብልቅ ሳይደርቅ ንጹሕ ሲሚንቶ ተነስንሶበት፥ በብረት ማለስለሻ እየተጫነ የሚታሽ ወለል ነው። በቤት ውስጥ ሲሆን ለመወልወል የሚመች መልካም ወለል ነው። በደጅ ሲሆን ግን የዝናብ ውሃ በላዩ እንደ ስስ ሽፋን ይሆንና እግር የሚቈነጥጠው ሻካራ ነገር ያጣል። ከዚህም በላይ በሲሚንቶ የበለጸገው ቀጭን ገጽ ከሥሩ ካለው አካል ጋራ እኩል ስለማይኰማተር፥ የሸረሪት ድር በመሰለ ስንጥቅ ይሸፈናል፤ ሲቈይም ይላጣል።

ስለዚህ ሌሎቹን ዓይነቶች አንድ በአንድ መረመርን። ሴራሚክ የሚያብረቀርቀው እንደ ሊሾ ያንሸራትታል፤ ለደጅ የሚሆነው ሻካራው ብቻ ነው። ወንድማችን የወደደው የታተመ አርማታ ለዐይን ያማረ ነው፤ ነገር ግን ቀለሙን ለመጠበቅ የሚቀባው ቅብ ውሃ ሲነካው ያዳልጣል፤ ቅቡም በየጥቂት ዓመቱ መታደስ ስለሚያስፈልገው በወር ደመወዝ ለሚተዳደር ሰው ዘወትር ወጪ ነው። ጠጠሩ እንዲታይ የሚደረግም አርማታ አለ፤ ሳይጠነክር የላይኛው ሲሚንቶ በውሃና በብሩሽ ይታጠብና ጠጠሩ ብቅ ይላል። ይህ እግር ይይዛል፥ እድፍም ይሸሽጋል፤ ነገር ግን ባዶ እግሩን የሚሮጥን ሕፃን ይቈረቍራል፤ የወደቀበትንም ጕልበት ይልጣል። በመጥረጊያ የሚጨረሰው አርማታ ከአርማታዎቹ ሁሉ ርካሹ ነው፤ በእንጨት ማለስለሻ ከተስተካከለ በኋላ፥ በላዩ ያቈረው ውሃ ሲጠፋና ገና ሳይደርቅ መጥረጊያ በአንድ አቅጣጫ ይጐተትበታል፤ የሚቀሩትም ቀጫጭን መስመሮች ጫማን ይይዛሉ። ደግሞም ከ2000 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ በከተሞቻችን መንገዶች የተስፋፋው ኮብልስቶን አለ፤ ከጥቁር ድንጋይ ተጠርቦ በአሸዋ ላይ ይደረደራል፤ ቢሰምጥ ተነሥቶ ይስተካከላል፤ በድንጋዮቹም መካከል ከውሃው ጥቂቱ ወደ መሬት ይሰርጋል።

ውሃን ካነሣን ዘንድ ጥቂት ሒሳብ እናድርግ። አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ በአንድ ካሬ ሜትር ላይ አንድ ሊትር ውሃ ነው። በአንድ የነሐሴ ቀን 30 ሚሊ ሜትር ቢዘንብ፥ 60 ካሬ ሜትሩ ግቢያችን 1,800 ሊትር፥ ማለት 200 ሊትር በሚይዝ በርሜል ዘጠኝ በርሜል ውሃ ይቀበላል። የአዲስ አበባ ዝናብ በዓመት ከ1,000 ሚሊ ሜትር የሚበልጥ ሲሆን፥ አብዛኛው የሚወርደው ከሰኔ እስከ መስከረም ነው። ሣር የለበሰ መሬት ከዚህ ብዙውን ይጠጣል። ግቢው በሙሉ በአርማታ ሲደፈን ግን ውሃው ወዴት ይሄዳል? ከእኛ በታች ወዳለው ጐረቤት አጥር ነው። የእኛን ጭቃ አስወግደን የእርሱን ግድግዳ ብናረጥብ፥ ሠለጠንን ለማለት አንችልም።

በመጨረሻ የተስማማነው እንዲህ ነው። ከውጭ በር እስከ ደረጃውና እስከ ወጥ ቤቱ ድረስ ወርዱ አንድ ሜትር ተኩል የሆነ መንገድ በመጥረጊያ በተጨረሰ አርማታ ተሠራ። የቀረው ስፍራ በኮብልስቶን ተነጠፈ፤ በአጥሩ ሥርም ለእናታችን ጤና አዳምና በሶብላ የሚሆን የአፈር መደብ ተተወ። ሊሾውም ፈጽሞ አልተናቀም፤ የጧት ፀሐይ በሚገባበት፥ ዝናብ ግን በማይደርስበት በረንዳ ላይ ተሠራ፤ በርበሬውና ብቅሉ በሰሌን የሚሰጡት እዚያ ነው። ግንበኛው በዚህ ውሳኔ አልተደሰተም፤ «ያየው ሰው ማለስለስ የማያውቅ ግንበኛ ይለኛል» ብሎ አዘነ። እናታችን ግን ቡና እየቀዱለት፥ «ልጄ፥ ሳይወድቅ የገባ ሰው ሁሉ ይመርቅሃል» አሉት። እርሱም ስቆ ወደ ሥራው ተመለሰ።

የገጹ ዓይነት ማናቸውም ቢሆን ከሥሩ ያለው ሥራ ካልጸና ፊቱ አይጸናም። አፈሩ ተነሥቶ ገረጋንቲ መሞላትና በሚገባ መጠቅጠቅ አለበት። የእኛ አርማታ ውፍረቱ 10 ሳንቲ ሜትር፥ መጠኑም አንድ እጅ ሲሚንቶ፥ ሁለት እጅ አሸዋ፥ ሦስት እጅ ጠጠር ነው። ውሃው ከቤቱ እንዲሸሽ በየሜትሩ 2 ሳንቲ ሜትር ዝቅ እንዲል ተደረገ። አርማታ ሲደርቅ መኰማተሩ አይቀርምና፥ ስንጥቁ በፈቀደው ስፍራ እንዳይሄድ በየ2 ሜትሩ ጥልቀቱ 2 ሳንቲ ሜትር ተኩል የሆነ ቀጥ ያለ መስመር ተሠነጠረበት።

ሁለት ነገሮች ግን ጥብቅ ክትትል ይፈልጋሉ። አንደኛው ውሃ ነው፤ ሠራተኛ ድብልቁ እንዲቀልለት ውሃ ሲያበዛ፥ ትርፉ ውሃ ወደ ላይ ወጥቶ ገጹን ያደክመዋል፤ ያን ውሃ ለማድረቅ ሲሚንቶ መነስነስም ደካማነቱን መሸፈን እንጂ ማዳን አይደለም። ሁለተኛው ትዕግሥት ነው፤ አርማታ የሚጠነክረው በመድረቁ ሳይሆን ሲሚንቶው ከውሃ ጋራ በመዋሐዱ ስለ ሆነ፥ ቢያንስ ሰባት ቀን እርጥበት ሊጠበቅለት ይገባል። እኛ ጆንያ አልብሰን ጧትና ማታ ውሃ አጠጣነው። ብዙ ሰው በሦስተኛው ቀን ጠንክሮ ሲያየው ይተወዋል፤ የቸኮለች አፍሳ ለቀመች የተባለው እንዲህ ላለው ነው።

ይህ ጕዳይ በመኖሪያ ቤት ብቻ የሚቀር አይደለም። በአንዳንድ መሥሪያ ቤቶችና ትምህርት ቤቶች መግቢያ ላይ የሚያንጸባርቅ ንጣፍ ይታያል፤ በክረምት ግን ዘበኛው ጆንያና ካርቶን ሲያነጥፍበት ይውላል። ባለ ጕዳይ ሆነው የሚመጡት አረጋውያን፥ ደወል ሲሰሙ የሚሮጡትም ተማሪዎች የሚያልፉት በዚያ ነው። የሕዝብ ሕንፃ እንዲሠራ የሚፈርም ሰው ስለ ደረጃው ገጽ አንድ መስመር በውሉ ውስጥ ቢያስገባ፥ የብዙ ሰው አጥንት ከመሰበር ይድናል።

እንግዲህ፥ የተወደዳችሁ አንባቢዎች፥ ንጣፍ ለማስነጠፍ ያሰበ ሰው ከቀለሙና ከብልጭታው አስቀድሞ ሦስት ነገር ይጠይቅ። በዝናብ ቀን በላዩ የሚሄደው ማን ነው? ከላዩ የሚወርደው ውሃ ወደ ማን ይሄዳል? ሲሰነጠቅስ እኛው ልንጠግነው እንችላለን? ለእነዚህ መልስ ካገኘ በኋላ የወደደውን መልክ ቢመርጥ አይሳሳትም።