ስለ ቆመ አውቶሞቢል

ብረት ሥራ ሲፈታ ያረፈ ይመስላል እንጂ አያርፍም። እህል በጎተራ እንደሚነቅዝ፥ ልብስም በሣጥን በብል እንደሚበላ፥ አውቶሞቢልም ሳይሽከረከር በቆመበት ያረጃል። አዲስ አበባን በከበቡትና በ2015 ዓ.ም. በሸገር ከተማ ሥር በተጠቃለሉት በሰበታ፥ በቡራዩና በሱሉልታ ግቢያቸው ሰፋ ያለ ቤቶች አሉ። በእንዲህ ያለው ግቢ ጎማው ተንፍሶ፥ ሸራ ለብሶ በባሕር ዛፍ ጥላ ሥር የቆመ አሮጌ ቮልስ ዋገን ማየት እንግዳ ነገር አይደለም።

ይህ መኪና በጀርመን አገር ተፈልስፎ ከ21 ሚሊዮን በላይ ከተሠራ በኋላ በ1995 ዓ.ም. የመጨረሻው በሜክሲኮ ከፋብሪካ ወጣ። በኢትዮጵያ ግን ዕድሜው ገና አላለቀም። በ2012 ዓ.ም. የታወጀው የኤክሳይስ ታክስ ከውጭ በሚገቡ አሮጌ መኪኖች ላይ ከባድ ግብር ጣለ፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ መንግሥት በቤንዚንና በናፍጣ የሚሄዱ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ከለከለ። እንዲህ በሆነ ጊዜ፥ በእጅ ያለውን ጠብቆ ማቆየት የድኻ ብልሃት ብቻ ሳይሆን የሁሉም ግዴታ ሆነ።

አባት ሲሞት ልጅ መኪናውን ለመሸጥ አይጨክንም፤ ለመንዳትም ይሳሳለታል። «የአባቴ መታሰቢያ ነው» እያለ ሸፍኖ ያኖረዋል። ከብዙ ዓመት በኋላ፥ በዓል በቀረበ ጊዜ፥ ልጆቹን አሳፍሮ ወደ ዘመድ ሊሄድ ይመኛል። ያን ጊዜ አዲስ ባትሪ ይገዛል፥ ገላውን ያሳጥባል፥ ቀለም ያስቀባል። ሞተሩ የተነሣ እንደ ሆነ ቤተ ሰቡ እልል ይላል። አደጋውም በዚያው ሰዓት ይጀምራል።

የቮልስ የቤንዚን ማጠራቀሚያ በፊት፥ ሞተሩ በኋላ ነው። ቤንዚኑ በመኪናው ሆድ ውስጥ በተዘረጋ ቀጭን የብረት ቧንቧ ሄዶ፥ በጎማ ቱቦ ወደ ፖምፓው፥ ከዚያም ወደ ካርቡራቶሩ ይደርሳል። ጎማ በዕድሜና በሙቀት ደርቆ ይሰነጠቃል። ከስንጥቁ የወጣች ጠብታ በጋለ ሞተር ላይ ብታርፍ ወይም የኤሌክትሪክ ብልጭታ ቢያገኛት እሳት ትሆናለች። ስለዚህ አዋቂ መካኒክ የተሰነጠቀችውን ቱቦ ብቻ ለውጦ አይሰናበትም፤ ከፊት እስከ ኋላ ያሉትን የጎማ ቱቦዎች ሁሉ ይለውጣል፥ ማሰሪያቸውን ያጠብቃል፥ ቤንዚን ወደ ካርቡራቶሩ የሚገባባት የነሐስ ቧንቧም እንዳልላላች በእጁ ይፈትናል። የሚያፈሰውን ቦታ በክብሪት ብርሃን መፈለግ ሞትን መጥራት ነው፤ ሞተሩ በቀዘቀዘ ጊዜ ደረቅ ነጭ ጨርቅ በየመጋጠሚያው ቢያስነኩ ርጥበቱ ራሱ ይመሰክራል። የዘይቱ መለኪያ ቤንዚን የሸተተ እንደ ሆነም፥ ወይ የፖምፓው ስስ ሽፋን ተቀድዷል፥ ወይ የካርቡራቶሩ መርፌ አልዘጋ ብሏል። በቤንዚን የቀጠነ ዘይት ሞተሩን ያስበላዋልና ምክንያቱን ሳያስወግዱ ዘይት ብቻ መለወጥ ከንቱ ድካም ነው።

ሙቀቱም የራሱ ምክንያት አለው። ቮልስ ራዲያተር የለውም፤ የሚያቀዘቅዘው ውኃ ሳይሆን ነፋስ ነው። ነፋሱን የሚያመጣው ማራገቢያ የሚዞረው ቺንጋ በሚባለው የጎማ ቀበቶ ነው። ቺንጋው ሲበጠስ በሾፌሩ ፊት ቀይ መብራት ይበራል፤ ያን አይቶ «ጥቂት ልሂድ» ያለ ሰው ሞተሩን ያጣል። መኪናው ብዙ ዘመን የቆመ እንደ ሆነ አይጥ በማራገቢያው ሽፋን ውስጥ ገለባ አከማችታ ጎጆ ትሠራለች፤ ነፋሱም መንገዱን ያጣል። በሞተሩ ዙሪያ ያሉትን ቆርቆሮዎች «ትርፍ ናቸው» ብሎ የነቀለ ጠጋኝ፥ ከሥር የሚወጣው ትኩስ አየር ተመልሶ እንዲሳብ በር ከፍቷል። ሞተሩ የሚይዘው ዘይት ሁለት ሊትር ተኩል ብቻ ስለሆነም ትንሽ መጉደሉ ብዙ ነው።

የአገሩም ከፍታ የራሱን ይጨምራል። ቡራዩና ሱሉልታ ከባሕር ወለል ከ2,500 ሜትር በላይ ናቸው፤ በዚያ ከፍታ አየሩ ስስ ስለሆነ ሙቀትን የመውሰድ ኃይሉ ያንሳል። ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በእንጦጦ ዳገት ወደ ሱሉልታ የሚሄድ ሾፌር፥ ለሞተሩ ያዘነ መስሎት በአራተኛ ማርሽ እያስጨነቀ ቢወጣ ይጎዳዋል። ማራገቢያው ከሞተሩ ጋር ይዞራልና ማርሹን ዝቅ ያደረገ ብዙ ነፋስ ያገኛል፤ ሞተሩ ሲጮኽ የሰማ ሰው የተጎዳ ይመስለዋል እንጂ በዚያ ጩኸት እፎይታ አለበት።

አበው «ሳይቃጠል በቅጠል» ያሉት ለእንዲህ ያለው ነገር ነው። መኪናውን ያበላሸው ጥላቻ አልነበረም፤ ሳይነኩ ማክበር ነበር እንጂ። ሰው ለወላጁ ያለው ፍቅር በሸራና በቀለም ቢታይ መልካም ነው፤ ነገር ግን የጎማ ቱቦ ዋጋ ከቀለም ዋጋ እጅግ ያንሳል፥ የሚጠብቀውም የልጆችን ነፍስ ነው። ስለዚህ ወራሹ የቀለሙን ገንዘብ ለኋላ ይተወው፤ አስቀድሞ የኋላውን ክዳን ከፍቶ፥ ማንም የማያየውን ሥፍራ ይመልከት።