እሳቱ ከጠፋ በኋላ

ባቡር የሚወድ ሰው ገጥሟችሁ ያውቃል? ሊሳፈርበት ሳይሆን ሊያየው ብቻ የሚወድ? አሜሪካና ካናዳ ውስጥ እንዲህ ዓይነት ሰዎች ሞልተዋል። «ሬይልፋን» ይባላሉ። ታጣፊ ወንበር፣ ቡና በፔርሙስና ካሜራ ይዘው ሐዲድ ዳር ይውላሉ። ፔንሲልቫኒያ ውስጥ አልቱና ከተማ አጠገብ «ሆርስሹ ከርቭ» የሚባል፣ እ.ኤ.አ. በ1854 የተከፈተ የሐዲድ ጥምዝ አለ፤ ለእነሱ እንደ መሳለሚያ ነው። የባቡር ሠራተኞቹ ደግሞ «ፎመር» እያሉ ያሾፉባቸዋል። ባቡር ሲያዩ አፋቸው አረፋ ይደፍቃል ለማለት ነው።

እኛ ጋዜጠኝነት ተምረን የወጣን ጓደኛሞች እነዚህን ሰዎች የወደድናቸው በአንድ ዓይነት ቪዲዮ ምክንያት ነው። የጭነት ባቡር ዳገቱን እያቃሰተ ይመጣል። መጀመሪያ ጥቁር ጭስ ይታያል። ከዚያ ከሎኮሞቲቩ ጭስ ማውጫ ነበልባል ቦግ ይላል። ቀራጩ እጁ ይንቀጠቀጣል፣ ይጮኻል፣ ይስቃል። አጠገቡ ያለው የፈጣሪን ስም ይጠራል። ጎል የገባ ነው የሚመስለው! እኛም «ኧረ በስመአብ!» እያልን ደግመን እናየዋለን።

አንዳንዴ ታዲያ ከጩኸቱ መሀል ዝግ ያለ ድምፅ ይሰማል፤ ተርቦው አልቆለታል የሚል። ነገሩን ያጠናነው ይህ ዝግ ያለው ሰውዬ ምን እንደሚያውቅ ለማወቅ ጓጉተን ነው።

የናፍጣ ሞተር ምንም ሳይጎትት ረጅም ሰዓት ከተነሳ በደንብ ስለማይሞቅ፣ ያልተቃጠለ ነዳጅና ዘይት በጭሱ መውጫ ይጠራቀማል። ነጂው ድንገት ጉልበት ሲሰጠው የተጠራቀመው ይቀጣጠልና ነበልባል ሆኖ ይወጣል። ይሄኛው ነዶ ሊያበቃ ይችላል። ሌላኛው ግን በሽታ ነው። አየር ወደ ሞተሩ የሚገፋው ተርቦ ተበላሽቶ ዘይት ወደ ጋለው ጭስ እያፈሰሰ ይሆናል፤ ወይም ሞተሩ ውስጥ አንድ ነገር ተሰብሯል። ከውጭ ለሚያይ ሰው ሁለቱም ያው እሳት ናቸው።

ይህን ስናነብ ነው ላክ ሜጋንቲክ ላይ የደረስነው።

እ.ኤ.አ. ጁላይ 5 ቀን 2013 ማታ፣ ድፍድፍ ነዳጅ የሞላባቸው 72 ቦቴ ፉርጎዎች የሚጎትት ባቡር ኩቤክ፣ ካናዳ ውስጥ ናንት በምትባል ቦታ ቁልቁለት አናት ላይ ለአዳር ቆመ። ይዞት የመጣው አንድ ሰው ብቻ ነበር። መሪው ሎኮሞቲቭ ሲያስቸግረው አምሽቷል፤ ጥቁርና ነጭ ጭስ ያጨሳል። ነጂው ይህንኑ ለተቆጣጣሪዎቹ ተናገረ። ጠዋት ይታያል ተባለና ሞተሩ እንደተነሳ ተተወ። ነጂውን ሊወስድ የመጣው ባለታክሲ የመኪናው መስታወት ላይ የዘይት ጠብታ ሲያርፍ አይቷል።

በእኛ አቆጣጠር ከምሽቱ 5፡40 ላይ ለአደጋ ጊዜ ስልክ ተደወለ፤ ሎኮሞቲቩ እየነደደ ነበር። እሳት አደጋዎች ደረሱ። ሞተሩን አጠፉ፤ እሳቱንም አጠፉ። የድርጅቱ ሠራተኛም ቦታው ድረስ መጥቶ ነበር። ከዚያ ሁሉም ሄደ።

ከዚህ በኋላ ለካሜራ የሚሆን ነገር አልነበረም። ጨለማ ብቻ ነበር። ሞተሩ ሲጠፋ ግን የሎኮሞቲቮቹን ፍሬን የያዘው አየር መሙላት አቁሞ ቀስ እያለ መውጣት ጀመረ። የተሳበው የእጅ ፍሬን የ7 ተሽከርካሪዎች ብቻ ነበር፤ መርማሪዎቹ በኋላ እንዳሰሉት ቢያንስ 17 ያስፈልግ ነበር። ከሌሊቱ 7 ሰዓት ገደማ ባቡሩ ያለ ሰው መንሸራተት ጀመረ። 11 ኪሎ ሜትር ያህል ወርዶ፣ በሰዓት ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ እየበረረ፣ 7፡15 ላይ የላክ ሜጋንቲክ ከተማ መሀል ከሐዲዱ ወጣ። 6 ሚሊዮን ሊትር ገደማ ነዳጅ ፈሰሰ። 47 ሰዎች ሞቱ። ብዙዎቹ «ሙዚ ካፌ» በሚባል ቤት አርብ ማታን ሲያሳልፉ የነበሩ ናቸው።

የካናዳ የትራንስፖርት ደህንነት ቦርድ በ2014 ባወጣው ሪፖርት 18 ምክንያቶች ዘርዝሯል። ከሁሉ ያልወጣልን አንዱ ነው። ያ ሎኮሞቲቭ አደጋው ከመድረሱ 8 ወር በፊት ለጥገና ገብቶ ነበር። ትክክለኛው ጥገና ጊዜና ገንዘብ ይፈጃል፤ ሎኮሞቲቩ ደግሞ ለሥራ ይፈለጋል። ስለዚህ ጥንካሬ በሌለው፣ ማጣበቂያ በሚመስል ነገር ተደፈነና ተመለሰ። ያ ድፍን ሲለቅ ነው ዘይቱ ተርቦው ውስጥ ገብቶ የነደደው። አበው ሳይቃጠል በቅጠል ይላሉ። ጋራዡ ውስጥ ግን ቅጠሉም ተወደደ።

በወንጀል የተከሰሱት ሦስት የድርጅቱ ሠራተኞች በጃንዋሪ 2018 ነፃ ተባሉ።

እንግዲህ እኛ ዜና ምን እንደሆነ ስንማር እሳት ዜና መሆኑን ለመረዳት አልተቸገርንም። የሚነድ ነገር ሁሉ ካሜራ ይጠራል። በዚያች ሌሊት ደግሞ እሳቱን ያየ ሰው ደውሏል፣ የተጠራውም መጥቷል፤ ለሚታየው ነገር የሚገባው ሁሉ ተደርጓል። ያልታየው ግን ማጣበቂያው ነው፣ ያልተሳቡት ፍሬኖች ናቸው፣ «ጠዋት ይታያል» የምትለው ቃል ናት። እነዚህን ቆሞ የሚቀርፅ የለም። እኛ ሥራ ብለን የመረጥነው ግን እነሱን ፈልጎ ማግኘት ነው።

ሬይልፋኖቹ ይጩኹ፤ ደስታቸውን አንቀማቸውም። አሜሪካ ውስጥ ሐዲድና መንገድ በሚገናኙበት ቦታ ላይ የባቡሩ ድርጅት የአደጋ ጊዜ ስልክ የተጻፈበት ሰማያዊ ሰሌዳ ይቆማል። ቀርፆ ሲያበቃ እዚያ የሚደውል ሬይልፋን ካለ፣ እሱ ሙያ አጋራችን ነው። ዝግ ባለ ድምፅ የሚናገረውን ሰውዬ ደግሞ አጠገቡ ቁጭ ብለን ብንጠይቀው ደስ ይለናል፤ ይህን ሞተር መጨረሻ የነካው ማነው? በምን ጠገነው? የቸኮለውስ ለምን ነበር?

እሳቱ ሲጠፋ ሰዉ ወደ ቤቱ ይሄዳል። የእኛ ሥራ የሚጀምረው ያን ጊዜ ነው።