የአስኮው ኩሽኔታና የኖርዌዩ በረዶ

ዛሬ ከተለመደው የፖለቲካ ወጋችን ጥቂት ራቅ ብዬ ስለ በረዶ መንሸራተቻ ላወጋችሁ ነው። በረዶ ሲባል በክረምት የቆርቆሮ ጣሪያችንን ከሚደበድበው ሌላ የማናውቅ ሰዎች ስለ ስኪና ስለ ስኖውቦርድ ምን አገባን የምትሉ እንደምትኖሩ አላጣሁትም። ታገሡኝ። ነገሩ ዞሮ ዞሮ ወደ ሠፈሬ ወደ አስኮ፣ ከዚያም እኔው በገዛ እጄ ወደ ፈጸምሁት በደል ይመለሳል።

ያደግሁት አስኮ ነው። ከዊንጌት ወደ ሳንሱሲ በሚወስደው መንገድ የተመላለሳችሁ ሁሉ ሠፈሩን የምታውቁት በጫማ ፋብሪካውና በብርጭቆ ፋብሪካው ይሆናል። እኛ ልጆቹ ግን በ1980ዎቹ መጀመሪያ ከሁሉ አስቀድመን የምናውቀው ቁልቁለቱን ነበር። ከጋራዥ የተጣለ ኩሽኔታ እንለምናለን፤ ካልተገኘም ሳንቲም አዋጥተን ከመርካቶ፣ ከምናለሽ ተራ እናስመጣለን። አንድ ጣውላ፣ ከኋላ ሁለት ኩሽኔታ፣ ከፊት ደግሞ በአንድ ብሎን የሚዞር ባለ ኩሽኔታ አግዳሚ እንጨት፤ ጋሪው ይኸው ነው። ፍሬኑ የጫማችን ሶል ነበር። የጫማ ፋብሪካ ሠፈር ልጆች በወር አንድ ጫማ ሲጨርሱ እናቶቻችን ምን ይሉን እንደነበር መገመት አያዳግትም።

ከሁላችን የሚበልጥ አንድ አብሮ አደግ ነበረኝ። የሌሎቻችን ጋሪ ፍጥነት ሲጨምር እየተንቀጠቀጠ ወደ ቦይ ይዞን ይገባል፤ የእርሱ ግን ቀጥ ብሎ ይወርዳል። ምስጢሩን ስጠይቀው፣ "ብሎኑን ከኩሽኔታው ትንሽ ወደ ፊት አድርገው፤ ያኔ ኩሽኔታው ራሱ እየተከተለ ይቃናል" አለኝ። ዓመታት ቆይቼ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ይህንኑ ጉዳይ በቀመር ስማር ዓይኔ ሰሌዳው ላይ፣ ልቤ ግን አስኮ ቁልቁለት ላይ ነበር። አብሮ አደጌ በዚያን ጊዜ በክፍሉ ውስጥ አልነበረም። አባቱ ስለ ሞቱበት ከስምንተኛ ክፍል አቋርጦ ብየዳ ገብቶ ነበር።

እ.ኤ.አ. በ2009 ለሦስተኛ ዲግሪ ወደ ኖርዌይ፣ ወደ ትሮንድሃይም ከተማ ሄድሁ። ጎረቤቴ ጡረታ የወጡ የሒሳብ መምህር ነበሩ። ብርዱ ሊገባ ሲል ማታ ማታ ጋራዣቸው ውስጥ መብራት ይበራል። አንድ ምሽት ጠሩኝና መላጊያ አስያዙኝ። ስኪ እየሠሩ ነበር።

አሠራሩን ባጭሩ ላስረዳ። ቀጫጭን የእንጨት ዘንጎች ጎን ለጎን ተጣብቀው የስኪው ልብ ይሆናሉ። ያ ልብ ከመካከሉ ዐሥር ሚሊ ሜትር ያህል፣ ከጫፎቹ ሁለት ሚሊ ሜትር ያህል እስኪሆን ይላጋል። ከላይና ከታች በኢፖክሲ ሙጫ የራሰ የፋይበር ግላስ ጨርቅ ይነጠፍበታል። ከሥሩ በበረዶው ላይ የሚንሸራተት ፕላስቲክ፣ ከጠርዙ ቀጭን ብረት ይገጠምለታል። ከዚያም ሁሉም እንደ ተደራረበ ቅርጽ ማውጫው ላይ ሆኖ ይታመቃል። ሽማግሌው ለማመቂያ የተጠቀሙት በሁለት ወፋፍራም ብረቶች መካከል ያጋደሙትን አሮጌ የእሳት አደጋ መከላከያ የውኃ ቱቦ ነበር፤ ቱቦው አየር ሲሞላ ስኪውን ከጫፍ እስከ ጫፍ እኩል ይጫነዋል። ሙጫው ደርቆ ሲወጣ የስኪው መካከል በጥቂቱ እንደ ቀስት ይነሣል። ሰው ሲቆምበት ይተኛል፤ ክብደቱ ሲነሣለት ይመለሳል። ከጥበቡ ዋነኛው ያች ቅስት ናት።

እኔ የመጀመሪያውን ልብ ከመጠን በላይ አሳስቼ አበላሸሁት። ቀን ቀን ስለ ጫና ስርጭት የምመራመር ሰው፣ እጄ ምን ያህል መሃይም እንደ ሆነ የተረዳሁት ያን ምሽት ነው።

ሽማግሌው ታሪክም ያውቁ ነበር። "ስኪ" የሚለው ቃል ከጥንቱ የኖርዲክ ቋንቋ የመጣና የተፈለጠ እንጨት ማለት እንደ ነበር ነገሩኝ። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ቴሌማርክ ውስጥ ይኖር የነበረ ሶንድሬ ኑርሃይም የተባለ ደሃ ሰው፣ ተረከዙን በተጠመዘዘ የዛፍ ቅርንጫፍ ከስኪው ጋር አስሮ ስፖርቱን እንዴት እንደ ለወጠው አጫወቱኝ። ስኖውቦርድም ቢሆን ከቤተ ሙከራ አልተወለደም። እ.ኤ.አ. በ1965 ሸርማን ፖፐን የተባለ አሜሪካዊ መሐንዲስ ለሴት ልጆቹ መጫወቻ እንዲሆን ሁለት ስኪ ጎን ለጎን አጋጥሞ ሠራ። ያ ዓይነቱ መጫወቻ በብዙ እጅ እየተሻሻለ ሄዶ በ1998 ናጋኖ ላይ የኦሎምፒክ ውድድር ሆነ። እኛም እኮ መጫወቻ ነበረን!

በየካቲት 2010 የቫንኩቨር የክረምት ኦሎምፒክ ሲካሄድ የ15 ኪሎ ሜትሩን ውድድር አብረን ተከታተልን። የሮቤል ተክለማርያምን ስም ከውጤት ዝርዝሩ ግርጌ አካባቢ አገኘነው። ሮቤል አዲስ አበባ ተወልዶ፣ አሜሪካ አድጎ፣ በ2006 ቱሪን ላይ ኢትዮጵያን ወክሎ በክረምት ኦሎምፒክ የተወዳደረ የመጀመሪያው ሰው ነው። ሽማግሌው "በረዶ በሌለበት አገር በምን ይለማመዳል?" አሉኝ። ከሥሩ ጎማ በተገጠመለት ስኪ አስፋልት ላይ እንደሚለማመድ ነገርኋቸው። ሳቁና "እንግዲያው የጎደላችሁ በረዶ ብቻ ነው" አሉ። አልመለስሁላቸውም። ሌላም የጎደለን ነገር እንዳለ ይሰማኝ ነበር፤ ስሙን ግን ገና አላወቅሁትም።

እ.ኤ.አ. በ2013 ተመልሼ አስኮ የሚገኘውን የአብሮ አደጌን የብረታ ብረት ሥራ ቤት ጎበኘሁ። ለሁለት የተቆረጠ ስኪ የሚያሳይ ፎቶግራፍ ሰጠሁት። የብየዳ መነጽሩን ወደ ግንባሩ ገፍቶ አንድ አፍታ አየውና፣ "ይሄማ ባሌስትራ ነው! መሀሉ ወፍራም፣ ጫፉ ስስ፤ ጭነት ሲመጣበት ይተኛል" አለ። እኔ አንድ ልብ አበላሽቼ የተማርሁትን እርሱ በአንድ እይታ ጨረሰው።

ከጥቂት ዓመታት በኋላ የማስተምርበት ተቋም የወርክሾፕ አሠልጣኝ ፈለገ። አብሮ አደጌ አመለከተ፤ የገፋፋሁትም እኔው ነኝ። የተግባር ፈተና ተሰጥቶ ከተወዳደሩት ሁሉ በለጠ። ኮሚቴው ሲቀመጥ ግን ጥያቄው አንድ ሆነ፤ "ማስረጃው የታል?" ከኮሚቴው አባላት አንዱ ነበርሁ። ደንብ ደንብ ነው ተባለ። "የሚቃወም?" ሲባል ሁሉም ዝም አለ፤ እኔም ዝም አልሁ። "የሚደግፍ?" ሲባል እጄን አወጣሁ። ያችኑ መላጊያ መያዝ ያቃታትን እጅ።

ውሳኔውን ልነግረው ሄድሁ። ከልጅነታችን ጀምሮ "አንተ ፈሪ!" እያለ ሲጠራኝ የኖረ ሰው ያን ዕለት አንገቱን አቀርቅሮ፣ "ምንም አይደል ዶክተር፤ እርስዎ ምን ያድርጉ" አለኝ። "አንተ" ሲባሉ ኖረው "እርስዎ" መባል እንዴት እንደሚያም የሚያውቀው የደረሰበት ብቻ ነው።

ይህን የጻፍሁት ለንስሐ ብቻ አይደለም። አገራችን ባለ እጁን "ጠይብ"፣ "ፋቂ"፣ "ቁጢት በጣሽ" እያለች ስትሰድብ የኖረች አገር ናት። ዳግማዊ ምኒልክ ሠራተኛን በሙያው መስደብን በአዋጅ እስከ መከልከል ደርሰዋል። ዛሬ ስድቡን በአደባባይ የሚደፍረው ጥቂት ነው፤ ቦታውን የተካው ግን "ማስረጃው የታል?" የሚለው ጨዋ ጥያቄ ነው። እ.ኤ.አ. ከ2008 ወዲህ ከዩኒቨርሲቲ ገቢ ተማሪዎች 70 በመቶው ወደ ሳይንስና ቴክኖሎጂ እንዲገቡ በፖሊሲ ተወስኖ ነበር። የመሐንዲሶችን ቁጥር በመቶኛ መደንገግ ግን መላጊያ መያዝ የሚያስተምር መምህር አያስገኝም።

ማስረጃ አይጠየቅ እያልሁ አይደለም። ድልድይ የሚሠራልንን ሰው ማስረጃ ባንጠይቅ ጥፋቱ የከፋ ይሆናል። እኔ የምለው፣ ተፈትኖ የበለጠ እጅ ከዲግሪው ጎን ወንበር ይሰጠው ነው። የሙያ ብቃት ምዘና የሚባል ሥርዓት በአገሪቱ እያለ፣ በእርሱ ያለፈ ባለሙያ የዩኒቨርሲቲ ወርክሾፕ ውስጥ ገብቶ እንዳያስተምር የሚከለክለው እውቀት ሳይሆን ንቀት ነው። ያ ከሽማግሌው ፊት ስሙን ያጣሁት ጉድለታችንም ይኸው ይመስለኛል። እኚያ የሒሳብ መምህር እጃቸው ሙጫ በመንካቱ አላፈሩም፤ የአስኮው ባለ እጅ ግን ዐዋቂ መባል ተነፍጎታል።

ባለፈው ቅዳሜ የዐሥራ አንድ ዓመት ልጄን ይዤ አስኮ ሄድሁ። ባለ መንኮራኩር ሰሌዳ አማርጣኝ ነበር። አብሮ አደጌ ቀጫጭን የዋንዛ ዘንጎች አጣብቆ፣ መካከሉን እንደ ቀስት አንሥቶ፣ ከሥሩ ኩሽኔታ ገጠመላት። ሲሠራ የእኔ ድርሻ መብራት መያዝ ነበር። "ዶክተር፣ ሙጫውን ያቀብሉኝ" ይለኛል፤ አቀብለዋለሁ። እስካሁን "እርስዎ" እንዳለኝ ነው፤ የሚገባኝም ይኸው ይመስለኛል።

ልጄን ግን "አንቺ" ይላታል። "አንቺ፣ ብሎኑን ትንሽ ወደ ፊት አድርጊው" ሲላት ሰማሁት።