«አለኝ» እና «ይዣለሁ»

በከሚሴ ያደገ ልጅ ስለ ሀብቱ ሲናገር በአማርኛ «ላም አለችኝ» ይላል፤ በኦሮምኛ ደግሞ «ሰአ ቀባ» ይላል። ሁለቱ አንድ ነገር ይመስላሉ፤ ይሁን እንጂ ለመረመራቸው ሰው የየራሳቸው ጠባይ አላቸው።

«አለችኝ» ባልን ጊዜ ግሱ የሚከተለው ላሚቱን ነው። አንዲቱ «አለችኝ»፣ ብዙዎቹ «አሉኝ»። በሰዋስው ሕግ የዐረፍተ ነገሩ ባለቤት ላሚቱ ናት፤ የላሚቱ ባለቤት የሆንሁት እኔ ግን ከግሱ ጅራት ላይ በ«ኝ» ተንጠልጥዬ እገኛለሁ። ዐረብኛውም «ዒንዲ» ሲል «እኔ ዘንድ» ማለቱ ነው፤ ግዕዙም «ብየ» ሲል «በእኔ» እንደ ማለት ነው። ኦሮምኛ ግን በሌላ መንገድ ይሄዳል። «ቀባ» ያዘም አለውም ማለት ነው። ፍየል ስታመልጥ «ሬኤ ቀቢ!» ተብሎ የሚጮኸው፣ ወባ ሲያንቀጠቅጥም «ቡሳን ነ ቀቤ» የሚባለው በዚሁ ግስ ነው። እንግዲህ በኦሮምኛ ከብት ያለው ሰው ከብት የያዘ ሰው ነው፤ ግሱም የሚታዘዘው ለሰውዬው ነው።

ይህን ያለ ምክንያት አላነሣሁትም። ዘጠነኛ ክፍል ሳለን ከገጠር የመጣ አንድ ጓደኛችን ስለ ቤተሰቡ እንዲናገር ቢጠየቅ «አባቴ አምስት ከብት ይዟል» አለ። ክፍሉ ሣቀ። አንዱ ከኋላ «በየትኛው እጁ?» ብሎ ቢጨምርበት ሣቁ እጥፍ ሆነ። ጓደኛችን ተቀመጠ፤ እስከ ዓመቱ መጨረሻም በአማርኛ ክፍለ ጊዜ እጁን ሲያወጣ አላየሁትም። አማርኛው እንደ ልማዱ አልነበረም፤ ይህን አልክድም። ነገር ግን ያ ልጅ የተናገረውን ከእስፓኝ ጀምሮ እስከ ደቡብ አሜሪካ ያለ ሕዝብ ዕለት ዕለት ይናገረዋል።

የጥንት ሮማውያን በቋንቋቸው በሮማይስጥ ሁለት ግሶች ነበሯቸው፤ «ሀቤሬ» ለማለት «አለው»፣ «ቴኔሬ» ለማለት «ያዘ»። ከሮማይስጥ የተወለዱት ቋንቋዎች ሁለቱንም ወረሱ፤ አያያዛቸው ግን ለየቅል ሆነ። ፈረንሳይኛና ኢጣልያንኛ ለሀብት የመጀመሪያውን ጠብቀው ሁለተኛውን ለመያዝ አዋሉት። እስፓኝኛና ፖርቱጋልኛ ግን የእጁን ግስ ለሀብቱ ሰጡት። እስፓኛዊ «ቴንጎ ዶስ ኤርማኖስ» ሲል ቃል በቃል «ሁለት ወንድሞች ይዣለሁ» ማለቱ ነው። ረኃቡን እንኳ ይይዘዋል! እኛን ራሱ ረኃቡ ይይዘናል እንጂ እኛ አንይዘውም። አሮጌው «ሀቤሬ» በእስፓኝ አገር ለሌሎች ግሶች ረዳት ሆኖ ቀረ፤ «ቴኔር» ወደ ሀብት ስላዘነበለም በእጅ ለመጨበጥ ሌሎች ቃላት ያስፈልጓቸው ጀመር። በኢጣልያም ቢሆን የናፖሊ ሰው ሲናገር እንደ እስፓኛዊው ነው። ይህ አነጋገር ሲጀመር የሣቀ መምህር ወይም ተማሪ ኖሮ ከሆነ ስሙን ታሪክ አላቆየልንም።

ግሱ ሳንጠራው ወደ እኛም ገብቷል። «ሌተናንት» በፈረንሳይኛ «ቦታ ያዥ» ማለት ነው፤ በአለቃው ቦታ የሚቆም ስለሆነ። በመንገድ ዳር ሱቅ የሆነው «ኮንቴነር»ም ከዚያው ከ«ቴኔሬ» የወጣ ነው። «ቴኒስ» ደግሞ፣ ብዙ ሊቃውንት እንደሚሉት፣ ኳሱን የሚመታው ፈረንሳዊ ለባላጋራው «ያዙ!» ብሎ ይጮህ ከነበረው የመጣ ነው። (በትርፍ ሰዓታችን የጠረጴዛ ቴኒስ ስንጫወት ይህን የሚያስታውስ ካለ ደስ ይለኛል።)

የአማርኛም «ያዘ» ቢሆን ከሀብት ደጅ የራቀ አይደለም። ሰኞ በባቲ ገበያ ሻጩ «ዝርዝር ይዘሃል?» ብሎ ሲጠይቅ ማን ይሥቅበታል? ገዢውም «ብር አለኝ፤ ግን አልያዝሁም» ይለዋል፤ ቤቱ ያለውንና ኪሱ ያለውን በሁለት ግሶች ለይቶ። ይህን አማርኛ በአንድ ትንፋሽ ይጨርሰዋል። «ቀባ»ን ለሀብቱ ያዋለው የኦሮምኛ ተናጋሪ ግን ከዚህ ሲደርስ ግሱን ይለውጥና «ሀርከ ኮ ሂን ጂሩ» ይላል፤ እጄ ላይ የለም።