በምሥጢር የተሰጠ ርዳታ

በዚህ ሰሞን ከሥራ ስንመለስ ማታ ማታ፤ እንግሊዛዊቱ ወይዘሮ ኤልዛቤት ጋስኬል የደረሱትንና እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር በ1853 ዓ.ም. በመጽሐፍ የታተመውን «ክራንፎርድ» የሚባለውን ልብ ወለድ ታሪክ ስናነብ ሰነበትን። ታሪኩ ስለ አንዲት ትንሽ ከተማ ሰዎች ነው። ወይዘሪት ማቲ የምትባል በዕድሜ የገፋች ሴት፤ ገንዘቧ ያለበት ባንክ በከሰረ ጊዜ ደኸየች። ወዳጆቿም ራሳቸው ባለጠጎች ሳይሆኑ፤ እያንዳንዳቸው በዓመት የሚሰጡትን ገንዘብ በወረቀት ጽፈው፤ ፈርመውና አሽገው አስረከቡ። የአንዲቱን ስጦታ ሌላዪቱ አላየችም፤ ማቲም እንዳታውቅ ተጠነቀቁ።

ይህን ባነበብን ጊዜ መጽሐፉን ዘግተን ብዙ አሰብን። ከጥቂት ዓመታት በፊት የአንድ ባልንጀራችን ቤት ተቃጥሎ፤ የርዳታውን ገንዘብ የሰበሰብን እኛ ነበርን። የሰጪዎቹን ስምና የሰጡትን ልክ በመዝገብ ጽፈን፤ እርሱ ባለበት በሰው ሁሉ ፊት ድምፃችንን ከፍ አድርገን አነበብን። እርሱም እጅ ነሥቶ ተቀበለ። ከዚያ ወዲህ ግን ከእኛ ጋራ በገበታ አልተቀመጠም፤ በመንገድ ሲያገኘንም ሰላምታው አጭር ሆነ። እኛም ውለታ ቢስ ነው ብለን ፈረድንበት።

አሁን ግን በደሉ የእኛ እንደ ሆነ ገባን። ቤቱን ስናቆምለት ክብሩን አፈረስንበት። ምሥጢር ሁሉ የክፋት መሸሸጊያ አይደለም፤ የወዳጅን ፊት ከኀፍረት የሚሰውርም አለ።

በሚመጣው እሑድ፤ ምንም ሳንይዝ፤ ይቅርታ ልንለምን ወደ ቤቱ እንሄዳለን። ስሙን ግን እዚህ አንጽፍም፤ ይህን ያህልስ ከክራንፎርድ ሴቶች ተምረናል።