መንቀጥቀጡ ሲቆም

ስለ ባሌ ተራሮች ውበት ብዙ ተብሏል፤ ቢባልም ያንሳቸዋል። እኔ የምመሰክረው ግን ስለ ብርዳቸው ነው። እኛ አገር ሰው በብርድ ሞተ ሲባል የሚታሰበን የፈረንጅ አገር በረዶ ነው። ጠዋት ፀሐይ ጀርባውን እያቃጠለው የተነሣ ሰው፣ ማታ ሳይደርስ፣ በገዛ አገሩ መሬት ላይ ወደ ሞት ደጃፍ ሲቃረብ በዓይኔ አይቻለሁ።

ጉዞው የአንድ ሳምንት ነበር። ከዲንሾ በእግር ተነሥተን የዌብን ሸለቆ ተከትለን ወደ ራፉና ወደ ጋርባ ጉራቻ ሐይቅ እንወጣለን፤ ከዚያ የሳነቴን አምባ አቋርጠን፣ በሪራ በኩል ወደ ሐረና ደን እንወርዳለን። የልጅነት ጓደኛሞች ነን። አብረውን የዲንሾ ተወላጅ የሆነ መሪና ባለፈረሶች ነበሩ። መሪያችንን “ኦቦ” እያልን ነበር የምንጠራው፤ በዕድሜም በአገር ዕውቀትም ይበልጠናል።

የመጀመሪያዎቹ ቀናት ደስታ ብቻ ነበሩ። ዲንሾ ላይ የደጋ አጋዘን ከጥዱ ሥር ቆሞ ሳይደነግጥ አየን። ዌብ ሸለቆ ውስጥ ቀይ ቀበሮ ከፍልፈል ጉድጓድ አጠገብ ተለጥፎ ሲያደባ፣ ሁላችንም ትንፋሻችንን ውጠን ጠበቅን። በዓለም ላይ የቀሩት ከአምስት መቶ አይበልጡም፤ ከግማሽ በላይ የሚሆኑት እዚሁ ባሌ ናቸው። ፊንጫ ሀበራ ከተባለው ቦታ አጠገብ ደግሞ መሪያችን አንድ የዋሻ ጥላ አሳየን። በ2019 እ.ኤ.አ. ይፋ የሆነ ጥናት እንዳረጋገጠው፣ ከአርባ ሺህ ዓመት በፊት የነበሩ ሰዎች በዚህ ከባሕር ጠለል ወደ 3,500 ሜትር በሚጠጋ ከፍታ ላይ እሳት እያነደዱ፣ ፍልፈል እየጠበሱ ኖረዋል። ያን ጊዜ ተራራው ጫፍ ላይ ግግር በረዶ ነበረ። ደረቅ መጠጊያና እሳት ስለነበራቸው ኖሩ። ይህን የሰማሁት እንደ ታሪክ ነበር፤ ትርጉሙ የገባኝ በኋላ ነው።

ከራፉ ወደ ሐይቁ በምንሻገርበት ቀን አንደኛውን የጭነት ፈረስ ጅረት ውስጥ አዳለጠውና ጭነቱ ከነስሊፒንግ ባጉ ራሰ። ፀሐይ ስለነበረች ማንንም አላሳሰበም። ከቀትር በኋላ ከሐረና በኩል ጉም ወጣ። ጉሙ ከደቡብ ከደኑ እርጥበት ይዞ ይመጣና አምባው ላይ ሲደርስ ይቀዘቅዛል። በአጭር ጊዜ ውስጥ ፊት ለፊታችን የነበረው ጅብራ ሁሉ ጠፋ። ከዚያ በረዶ፣ ከበረዶው ጋር ነፋስ፣ ከነፋሱ በኋላ አጥንት ድረስ የሚዘልቅ ቀጭን ዝናብ።

ከመካከላችን አንዱ፣ ብርቱው ጓደኛችን ነበር ብርዱ የያዘው። ሁልጊዜ ከፊት የሚሄድ፣ የሌላውን ሻንጣ የሚሸከም። መጀመሪያ እጁ ተንቀጠቀጠ፤ ቀጥሎ መላ አካሉ። ጥርሱ ሲንገጫገጭ እኔ ጋ ድረስ ይሰማል። ትንሽ ቆይቶ ዝም አለ። “ተሻለኝ” አለን፤ እኛም አመንነው። አነጋገሩ ግን ተጎተተ፤ የሚናገረው ከሚጠየቀው አልገጥም አለ። ድንጋይ ላይ ተቀመጠና “ትንሽ ልተኛ” አለ። ቀጥሎ ያደረገውን እስከ ዛሬ አልረሳውም፦ በዚያ ዝናብ ውስጥ የጃኬቱን ዚፕ ከፍቶ ማውለቅ ጀመረ። ሞቀኝ አለ።

መሪያችን ከፊት ሮጦ ተመለሰ። ፊቱን አንድ ጊዜ አይቶ፣ “መንቀጥቀጡን ካቆመ ነው የምንፈራው፤ አንሡት!” አለ።

ምክንያቱን በኋላ ሐኪም አስረድቶኛል። የሰው ገላ ሙቀት 37 ዲግሪ አካባቢ ነው። ከ35 ሲወርድ አደጋ ተጀምሯል። መንቀጥቀጥ ማለት ጡንቻ ራሱን እያንቀሳቀሰ ሙቀት ሲያመርት ነው፤ ሙቀቱ ወደ 32 ሲጠጋ ለዚያም አቅም ያጣል። አእምሮ ይደነዝዛል። ተኮማትረው የነበሩት የቆዳ ደም ሥሮች ይለቁና ሰውየው የሚቃጠል ይመስለዋል፤ በብርድ የሞቱ አንዳንድ ሰዎች ልብሳቸውን አውልቀው የሚገኙት ስለዚህ ነው።

ተሸክመን ከአንድ ቋጥኝ ጥላ ሥር አስገባነው። መሪያችን የሚያደርገውን ሁሉ ያውቅ ነበር፤ ይህን የተማረው ከብት ሲጠብቅ ካደገበት ቦታ ነው። እርጥቡን ልብስ አወለቀለት። ከባለፈረሶቹ አንዱ የራሱን ጋቢ ሰጠ፤ ከሥሩ የኮርቻ ልብስ ተነጠፈ። በግራና በቀኝ ገላችንን ገላው ላይ አድርገን ተኛን። የነካሁት ጀርባ የሬሳ ጀርባ ነበር፤ ሌላ ቃል የለኝም። ከእኛ አንዱ አረቄ አወጣ። መሪያችን ቀማውና ድንጋይ ላይ ደፋው። ያኔ ጭካኔ መስሎኝ ነበር። አረቄ ግን ደሙን ወደ ቆዳ ጠርቶ የቀረውን ሙቀት ያስወጣል፤ ያ ጉንጭ ሊገድለው ይችል ነበር። እግሩን ልናሽለት ስንልም ከለከለን፤ ሙቀቱ ደረቱ ላይ እንጂ እግሩ ላይ አይደለም የሚጀመረው አለ። ኩበት ከአንድ የእረኛ ጎጆ መጣ። እሳት ተያያዘ። ሻይ በብዙ ስኳር የተሰጠው መዋጥ እንደሚችል ከታየ በኋላ ነው።

ስሙን እየጠራን ጠበቅን። እናቱ ቤት ስንቦርቅ ያደግን ልጆች፣ ለእናቱ ምን ብለን እንደምንነግር እያሰብን። ከብዙ ቆይታ በኋላ ትከሻው ደረቴ ላይ ተንቀጠቀጠ። ደግሞ ተንቀጠቀጠ። ጥርሱ መንገጫገጭ ጀመረ። መሪያችን “አልሐምዱሊላህ” አለና ለመጀመሪያ ጊዜ ተቀመጠ።

ሌሊቱ ጠርቶ ነጋ፤ ሣሩ ሁሉ በውርጭ ነጭ ሆኗል። የእረኛው ባለቤት የገብስ ገንፎ በቅቤ አገንፍታ ጠበቀችን፤ ክፍያ አልቀበልም አለች። በፈረስ ሳነቴን አቋርጦ ወደሚያልፈው የመኪና መንገድ አደረስነው፤ በመኪና ጎባ ወረደ፤ ተመርምሮ ደህና ተባለ። ተመልሶ ስለተቀላቀለን ሐረናን ያየነው አብረን ነው። ከሪራ በታች ቀርከሃው፣ ጫካ ውስጥ በራሱ የበቀለው ቡና፣ ዛፍ ላይ የተሰቀሉት ቀፎዎች፤ ሁሉም ውብ ነበሩ። እኔ ግን ደጋግሜ የማየው የእሱን እጅ ነበር፤ ይንቀጠቀጥ እንደሆነ ሳይሆን፣ ይሞቅ እንደሆነ።

ተራራው በ2023 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል፤ ገና ብዙ ሰው ይሄዳል፤ ይሂድም። ሳነቴ ላይ በበጋ ሌሊት ሙቀቱ ከዜሮ በታች እስከ 15 ዲግሪ ሊወርድ ይችላል። የምትሄዱ ሁሉ የአገሩን ሰው መሪ አድርጉ፤ አንድ ሙሉ ደረቅ ልብስ ውኃ በማያስገባ ነገር ጠቅልላችሁ በፈረስ ሳይሆን በራሳችሁ ጀርባ ያዙ። ብርድ ላይ ያለ ጓደኛችሁ ሳይሞቀው መንቀጥቀጡን ካቆመ፣ ተሻለኝ ቢላችሁም አትመኑት፤ እንዲተኛም አትተዉት።