የእቁቡ ደብተር

ራፖር ጸሐፊው ባዶ ወረቀቱን ዘርግቶ «በይ እህቴ፣ ከምን እንጀምር?» አለኝ። የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ትዳር ከምን ይጀመራል? «ከቤቱ» አልኩት። ቤት፣ አዘዞ፣ አንድ። አልጋ፣ ሁለት። ብረት ድስት፣ አራት። ምጣድ ላይ ስንደርስ ቀና ብሎ «ግምቱስ?» አለ። ጭስ ስጠጣ የኖርኩበትን ምጣድ ስንት ብር ልበለው?

ፍቺው ራሱ አልከበደኝም። ሽማግሌ ሦስት ጊዜ መጥቶ ሦስት ጊዜ ቡና ጠጥቶ ተመለሰ፤ ፍርድ ቤቱም የማሰቢያ ጊዜ ሰጠን፤ አስበን አስበን ያው ሆነ። ያጎበጠኝ ከዚያ ወዲያ የመጣው የንብረት ክፍፍል ነው። እናቴ ዳባት ገጠር ስትዳር ማጫው ከሁለቱም ወገን በሽማግሌ ፊት ተቆጠረ፤ ቢለያዩም የሚያስታውሱት እነዚያው ሽማግሌዎች ናቸው። የእኔ ግን ያልተጻፈው ሁሉ እንዳልነበረ ሊቆጠር ነው።

የቤቱ ካርታ በእሱ ስም ነው። ጎረቤቱ ሁሉ «በስሙ ከሆነማ ምን ታደርጊዋለሽ» ሲለኝ አምኜ ሁለት ወር አለቀስኩ። እንባዬን የጠረገው ጸሐፊው ነው። በ1995 ዓ.ም. የወጣው የክልላችን የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 79፣ በትዳር ውስጥ የተፈራን ሀብት በአንዱ ስም ብቻ ቢመዘገብም የግል መሆኑ እስካልተረጋገጠ ድረስ የጋራ አድርጎ ይወስደዋል። «የግሌ ነው ባዩ ራሱ ያስረዳ» አለኝ። ምነው ይህን ስጋባ የነገረኝ ሰው በነበረ!

ባለቤቴም ይህን ያውቅ ኖሮ በሌላ በር መጣ። ቤቱ የጋራ ነው፤ ግን የተሠራው ከወንድሜ በተበደርኩት 140 ሺህ ብር ነው፤ ዕዳውንም ትካፈል አለ። ሕጉ ለትዳር ጥቅም የተገባን ዕዳ ከጋራ ሀብት ያስከፍላል። የብድር ውል አለው፤ የሦስት ምስክር ፊርማ አለው። እኔ ቅዳሜ ገበያ በርበሬ ሸጬ በእቁብ ያቆምኩት ቤት ነው፤ እቁብ ደግሞ ደረሰኝ የለውም።

ያለው አንድ ደብተር ነው። እሱም ከእቁባችን ዳኛ ዘንድ ነው፤ ዳኛው ደግሞ ጠቅልለው ዳባት ገብተዋል። ከጎንደር ቢበዛ 75 ኪሎ ሜትር ነው። ዘመኑ ግን ክልላችን በግጭት ውስጥ የነበረበት 2016 ነበር፤ መንገዱ ሲከፈት ቀጠሮ የለኝም፣ ቀጠሮዬ ሲደርስ መንገዱ ይዘጋል። ፎቶ አንስተው ይላኩልኝ እንዳልል ዳታ የለም። ሁለቴ ተቀጠረልኝ። በሦስተኛው ካላቀረብሽ መዝገቡ ባለው ማስረጃ ይወሰናል ተባልኩ፤ ያን ሌሊት ዓይኔ አልተከደነም።

ጠዋት ጋቢያቸውን ተከናንበው በሩ ላይ ቆመው አገኘኋቸው። ከጋቢው ሥር ፌስታል፣ ከፌስታሉ ውስጥ ደብተሩ። ችሎት ገብተው ሥራቸውን ሲጠየቁ «ዳኛ ነኝ» አሉ።

«የምን ዳኛ?»

«የእቁብ።»

ችሎቱ ሳቀ፤ የመሐል ዳኛዋም ሳቃቸውን በወረቀት ከለሉ።

የደብተሩ ጠርዝ ከእቁብተኛው ጣት በርበሬ ጠጥቶ ቀልቷል። ጥር 12 ቀን 2004፣ የጥምቀት ማግስት፣ የሚካኤል ዕለት እንኳ እጣው አልቀረም፤ ከስሜ አጠገብ «ወሰደች» ይላል። ያስቀመጥኩት የቆርቆሮ ደረሰኝ የጥር 15 ነው። ሲሚንቶውም፣ የብረት በሩም እንዲሁ እጣ ተከትለው የተገዙ ናቸው። የብድር ውሉ ቀን ግን ጣሪያው ከተመታ ከሰባት ወር በኋላ ሆኖ ተገኘ። ዕዳው የጋራ አይደለም ተባለ። ቤቱን መሐንዲስ ገመተው፤ እሱ ግማሹን ከፍሎኝ አስቀረው። ምጣዱን «የሷ ነው» ብሎ ያለ ክርክር ተወልኝ።

መዝገብ ቤት ዋናውን ከቅጂው ጋር አመሳክሮ ሲመልስ፣ አያ ዳኛ ደብተሩን ዝም ብለው አልተቀበሉም። ጣታቸውን በምራቅ እያራሱ ሉኩን አንድ በአንድ ቆጠሩ። ሲሞላላቸው በፌስታሉ ጠቅልለው «በይ ልጄ፣ መኪናው ሳያመልጠኝ» ብለው ወጡ።